በበርበሬ መጋዘን የታሸገ ድምፅ

ቡታጅራ የተላክሁት ለሦስት ወር ነበር። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል። እኔም ከዓመታት በኋላ አብሬ መሳቅ ጀመርኩ፤ ምን ላድርግ። ከከተማው በላይ ባለው ኮረብታ ላይ የቴሌቪዥን ማሰራጫ ምሰሶ አለ፤ ከምሰሶው ሥር አንዲት ጠባብ ክፍል አለች፤ ክፍሏ ውስጥ ደግሞ እኔ ነበርኩ። ከአዲስ አበባ የሚመጣውን ሞገድ ተቀብዬ ወደ ታች ለከተማው አወርዳለሁ። ማሽኑ ከሠራ እኔ አላስፈልግም፤ ከተበላሸ ደግሞ መለዋወጫው አዲስ አበባ ስለሆነ አሁንም አላስፈልግም። እንዲህ ያለ ሠራተኛ አንዴ ኮረብታ ላይ ከወጣ የሚያወርደው አያገኝም።

ባለቤቴ አዲስ አበባ ቀርታለች። መጀመሪያ የልጆቹ ትምህርት አሰራት፤ ልጆቹ አድገው ሲወጡ ደግሞ የራሷ ሥራ። በየወሩ መጨረሻ በቡኢ በኩል በሚኒባስ እሄድና ቅዳሜን አድሬ እሁድ ከሰዓት እመለሳለሁ። ልክ ስወጣ በሩ ላይ ቆማ «ዝውውሩስ?» ትለኛለች። «ተቃርቧል» እላታለሁ። ያች «ተቃርቧል» ስንት ዓመት እንዳገለገለችኝ! ጡረታ መውጣት የነበረባት እሷ ናት።

ከዚያ ቢፒአር የሚሉት የአሠራር ለውጥ ዘመን መጣ። መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ግምገማ በግምገማ ሆነ፤ ወንበሩ ተቀያየረ፣ ኃላፊዎቹም ተቀያየሩ፤ እኔ ብቻ ሳልቀየር ቀረሁ። አዲሱ ኃላፊዬ በዕድሜ ልጄ የሚሆን፣ ጨዋ፣ ፈጣን፣ «እርስዎ» እያለ የሚያዝ ወጣት ነበር። «እርስዎ» ተብሎ የታዘዘ ሰው እምቢ የሚልበት ቀዳዳ የለውም።

ከአዲሱ ኃላፊ ጋር አዲሱ ዕቃም መጣ፤ ዲጂታል። እኔ የድሮው መሣሪያ ሰው ነኝ። የድሮው መሣሪያ ሲታመም ያቃስታል፤ ይንሾካሾካል፣ ይንጫጫል፣ ሊሞት ሲልም አስቀድሞ ይነግርሃል። ጆሮህን ሰጥተህ ከሰማኸው የትኛው ገመድ እንደላላ ታውቃለህ። ዲጂታሉ ግን ኩሩ ነው። ወይ ጥርት ብሎ ይሰማል፣ ወይ ጭጭ ይላል። ሥልጠና ሰጥተውናል፤ እኔ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ በሻይ ሰዓት የሚመጣውን ሳምቡሳ ስጠብቅ፣ ዋናው ነገር በፊት ወንበር በኩል አለፈ መሰለኝ። የያዝኩት ይህን ያህል ነው፦ ኢንኮደር የሚሉት ሳጥን የሰውን ድምፅ ይቀበላል፣ ወደ ቁጥር ይከትፈዋል፣ የማይፈልገውን ይጥላል፣ የቀረውን አሽጎ ወደ ሰማይ ይልካል። «የማይፈልገውን ይጥላል» ሲሉ ወደ እኔ ያዩ መስሎኝ ነበር።

መስቀል ሊደርስ ሲል ኃላፊው ደወለ። ከወልቂጤ ወጣ ብሎ ባለ መንደር የአገር ሽማግሎች ተቀምጠው የተጣላ ሊያስታርቁ ነው፤ በቀጥታ ስርጭት እናሳየዋለን፤ የበላይ ኃላፊዎችም ይመለከታሉ አለኝ። ሥዕሉን መኪና ውስጥ ያለው ቡድን ይይዘዋል፤ ድምፁን ለብቻው የሚያሽገውን አዲሱን ሳጥን የምተክለው እኔ ነኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ አንዲት ሰከንድ ድምፅ ሳይጠፋ ይህን ካወጡልኝ ዝውውርዎን እኔ ራሴ እፈርማለሁ» አለ።

ያን ቀን ከኮረብታው ስወርድ እንደ ጎረምሳ እየዘለልኩ ነበር። ጉልበቴ ማታውኑ ዕድሜዬን አስታወሰኝ። ለባለቤቴ ደውዬ «በዚህ በዓል ጨርሼ እመጣለሁ» አልኳት። ስርጭቱን ከጎረቤት ጋር ሆና እንደምታየው ነገረችኝ።

መንደሩ የደረስኩት በስርጭቱ ዋዜማ ነው። ቤቶቹ ፊት ለፊት ጀፎረ የሚሉት ሰፊ የሣር ሜዳ ይዘረጋል፤ መንገድም ነው፣ የከብት መዋያም፣ የለቅሶና የሠርግ አዳራሽም። ቁልፍ ያለው፣ ዝናብ የማያስገባ ቤት ስፈልግ አንድ ሐጂ መጋዘናቸውን ሰጡኝ። ሐጂ የመስቃን ሰው ናቸው፤ ከቆሼ በርበሬ እያመጡ ወልቂጤ ያከፋፍላሉ። ዕድሜያችን እኩል ነው፤ እሳቸው ግን «ኢንጂነር» እያሉ ይጠሩኛል፤ የምጎትተውን ሽቦ እያዩ ይመስለኛል እንጂ ከአክብሮት አይደለም።

መጋዘኑ እስከ ጣራው በማረቆ በርበሬ ከረጢት ተሞልቷል። መስኮት የለውም። አንድ የቆርቆሮ በር አለው፤ ወደ ውጭ የሚከፈት። ከከረጢቶቹ መሀል ጠረጴዛ የምታህል ቦታ አስለቅቄ ሳጥኔን ተከልኩ። ገና ገመድ ሳልሰካ ማስነጠስ ጀመርኩ።

«ሐጂ፣ ይህ በርበሬ ይገድለኛል» አልኳቸው።

«ኧረ ጥሩ በርበሬ ሰው አይገድልም» አሉ። «ያስለቅሳል እንጂ። አልቅሰህ ትጨርሳለህ።»

ጄነሬተሩን ከመጋዘኑ ጀርባ አስቀመጥነው። ወደ ሰማይ የሚልከው ዲሽ ደግሞ ደልዳላ መቀመጫ ይፈልጋል፤ ሜዳው ግን በዝናብ ርሶ ይሰምጣል። ዞር ዞር ስል በሜዳው ጠርዝ ከአንድ ግቢ ፊት ለፊት፣ የታዘዘ ጠረጴዛ የመሰለ ትልቅ የዝግባ ጉቶ አየሁ። ሰፊ፣ ደረቅ፣ ቀጥ ያለ። ዲሹን ጉቶው ላይ አሰርኩት። ሐጂ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመው አዩኝ፤ አንዳች አልተናገሩም። እኔም በራሴ ብልሃት እየተደሰትኩ ፉጨቴን ቀጠልኩ።

ቀጥሎ የድምፅና የሥዕል ልክ ነበር። ዲጂታል ድምፅ ከሥዕሉ ዘግይቶ ወይም ቀድሞ ሊደርስ ይችላል፤ አፍ ተከድኖ ድምፁ ይመጣል። እሱን ለማስተካከል ካሜራ ፊት የሚያጨበጭብ ሰው ያስፈልጋል። ሐጂን ለመንኳቸው።

«ስንት ጊዜ?»

«አንዴ፣ ጠንከር አድርገው።»

አጨበጨቡ። መኪናው ውስጥ ሥዕሉን የሚያዩት በስልክ እንደነገሩኝ፣ መዳፋቸው ከገጠመ በኋላ ድምፁ መጣ። ቁጥሩን ነካካሁና ይድገሙልኝ አልኩ። ደገሙ። አሁን ደግሞ ድምፁ ቀደመ። ሐጂ እንደዚያ ሲያጨበጭቡ ያየ አላፊ አግዳሚ ሁሉ ሠርግ ያለ መስሎት መቆም ጀመረ። በመጨረሻ ሲገጥም፣ «ይህ ሁሉ ሽቦ ለአንድ ጭብጨባ ነው?» ብለው መዳፋቸውን እያሹ ሄዱ።

አንድ ችግር ቀረኝ። ሰው ንግግሩን ባቆመ ቁጥር የጄነሬተሩ ጉምጉምታ ይሰማል። ሳጥኑ ላይ ለዚህ የሚሆን ነገር እንዳለ ከሥልጠናው ትዝ አለኝ፤ ጌት ይሉታል። ሰው ሲናገር ራሱን ይከፍታል፣ ድምፅ ሲያንስ ራሱን ይዘጋል፤ ጉምጉምታውም ውጭ ይቀራል። አበራሁት። ጉምጉምታው እፍ እንደተባለ ሻማ ጠፋ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዲጂታል የሚባለው ነገር እጄ የገባ መሰለኝና ራሴን «ኢንጂነር» ብዬ ጠራሁት። ብቻዬን ስለነበርኩ የሰማ የለም።

በማግስቱ በጠዋት መጋዘኑ ገብቼ በሩን ገርበብ አድርጌ ገመድ ስፈትሽ ቆየሁ። ሽማግሎቹ ሲቀመጡ ወጥቼ ማይክሮፎኖቹን ላስተካክል ነበር ሐሳቤ። ሰዓቱ ደረሰና በሩን ገፋሁት። ትንሽ ሄደና ተመለሰ። እንደገና ገፋሁ፤ አሁንም ተመለሰ፤ ያውም በኃይል። በስንጥቁ ሳይ ነጭ ጋቢ ነው። የሽማግሎቹ ዋና በሩን ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ከግራና ከቀኛቸው ሌሎቹ ተደርድረዋል። «ይቅርታ አባቴ» አልኩ፤ ጄነሬተሩ ዋጠው።

ለሐጂ ደወልኩ። ሜዳው ላይ ካለው ሕዝብ መሀል ነበሩ።

«ሐጂ፣ በሬ ላይ ተቀምጠውብኛል።»

«አዎ፣ አየሁ።»

«ለምን እዚህ? ሜዳው ሙሉ እያለ?»

«ጥላ የት አለ ሌላ? ድሮ ዝግባው ሥር ነበር የሚቀመጡት። ዝግባው ተቆረጠ። ጉቶው ላይ እንኳ እንዳይቀመጡ አንተ ሰሐንህን ደፋህበት።»

ከዚያ ቀስ ብለው ነገሩን አስረዱኝ። የዛሬው ጉዳይ የሁለት ወንድማማች ጉዳይ ነው። ታናሹ ነጋዴ ነው፤ የጭነት መኪናው ዞሮ አልገባ ቢለው አባታቸው ደጅ የቆመውን፣ ሽማግሌ ሲቀመጥበት የኖረውን ዝግባ ታላቁን ሳያማክር ጣለው። ታላቁ እንሰቱን እየተከለ እዚያው የኖረ ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ ታናሹን አላናገረውም፤ መስቀልን ለየብቻ ይበላሉ። ዲሼን ያሰርኩት የጠቡ ዋና ዕቃ ላይ ነው። እዚያ መንደር ተወልዶ ያደገ ሕፃን እንኳ የማያደርገውን፣ እኔ እያፏጨሁ አደረግሁት።

«ታዲያ ትናንት ለምን አልነገሩኝም?»

«መቼ ጠየቅከኝ? ኢንጂነር ነው፣ ያውቃል አልኩ።»

መቼ እንደሚነሡ ጠየቅኋቸው። አንዴ ከተቀመጡ ነገሩ ሳያልቅ የሚያስነሣቸው የለም፤ በፊታቸው መሻገርም፣ ከጀርባ መግፋትም ነውር ነው። እንግዲህ ተቀመጥ፣ አሉኝና ስልኩን ዘጉ።

ተቀመጥኩ። በኮረብታዬ ላይ ቢያንስ ሰማይ ነበረኝ። እዚህ አንድ አምፖል፣ የከረጢት ግድግዳ፣ የአንድ ሽማግሌ ጀርባ። ፀሐይዋ ከፍ ባለች ቁጥር ቆርቆሮው እየጋለ በርበሬው ማሽተት ጀመረ። ዓይኔ ያለቅሳል፣ አፍንጫዬ ይፈስሳል፤ መሀረቤን ፊቴ ላይ አስሬ፣ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ፣ ባንክ ሊዘርፍ መጥቶ ካዝናው የተዘጋበት ሌባ መሰልኩ። ሥዕሉ እኔ ጋ አይመጣም፤ መኪናው ውስጥ ነው። ያለኝ ድምፅ ብቻ ነው። እሱም ከታሸገ በኋላ ያለው።

ሥራው ግን አማረ። ምርቃቱ በጉራግኛ፣ የአስተርጓሚው አማርኛ ከኋላው፣ የሕዝቡ «አሜን»፤ ሁሉም ጥርት ያለ። በመሀል ዋናው ሽማግሌ ሲስቁ በሩ ይርገበገባል፤ ሳቃቸውን በጀርባቸው በኩል አየሁት ማለት እችላለሁ። ኃላፊው ደወለና «በርቱ ጋሼ፣ ግሩም ነው» አለ። ዝውውሬ ተፈርሞ ታየኝ። አዲስ አበባ ገብቼ ሶፋ ላይ እግሬን ዘርግቼ ሁሉ ታየኝ።

የወንድማማቾቹ ተራ ደረሰ። ታናሹ ተናገረ፤ ማጥፋቱን አመነ። ሽማግሎቹ ወደ ታላቁ ዞሩ። አስተርጓሚው ጥያቄውን በአማርኛ አወጣው፦ ለዚህ መስቀል ከወንድምህ ጋር አንድ ገበታ ትቀርባለህ ወይ?

ከዚያ ማዳመጫዬ ጭጭ አለ።

ጭጭ ስል ሳል የለም፣ ትንፋሽ የለም፣ ዝንብ የለም። የድምፅ መለኪያው መብራት ወድቆ ቀረ። ሰው ዝም ሲል እንዲህ አይደለም፤ ሰው ዝም ሲል እንኳ አንድ ነገር ይንኮሻኮሻል። ዲጂታሉ ሞተ አልኩ። ገመዱን ነካሁ፣ መሰኪያውን ጠበቅ አደረግሁ፣ ማዳመጫውን አውልቄ አራገፍኩ። ከማዳመጫው ውጭ የሚሰማው ጄነሬተሩ ብቻ ነው። በሩን አየሁት፤ አይርገበገብም።

ስልኬ ጮኸ። «ጋሼ፣ ድምፅ ጠፋ።» ድምፁ ጨዋነቱን አልለቀቀም፤ ግን ቀጠነ። «እየሰሙኝ ነው? ድምፅ የለም። የበላይ ኃላፊዎች እያዩ ነው።»

«እያየሁት ነው» አልኩ። የማየው በርበሬ ነበር።

«በቃ የባህል ሙዚቃ ይልቀቁበት። አሁኑኑ።»

ለክፉ ቀን ያዘጋጀሁት ሙዚቃ አጠገቤ ተሰክቶ አለ። አንዲት ቁልፍ ናት። ጣቴ ቁልፏ ላይ ነበር፤ ለምን እንዳልተጫንኩ እስካሁን በደንብ አላውቅም። ምናልባት ገመድ ሠራተኛ ስለሆንኩ ነው፤ ጉዳቱ የት እንደሆነ ሳያውቅ የሚነካካ ሰው አልወድም። መጀመሪያ መኪናው ውስጥ ያሉትን ልጠይቅ አልኩና የመነጋገሪያውን ማይክሮፎን አነሣሁ። ማይክሮፎኑ ሁለት ቁልፍ አለው። አንዱ ወደ መኪናው ይወስዳል፤ ሌላው ሕዝቡን ለማስታወቂያ ለመጥራት ሜዳው ላይ ወዳሉት ድምፅ ማጉያዎች። ዓይኔ በእንባ ተሞልቷል። ተጫንኩ። ልናገር አፌን ስከፍት የቀደመኝ ማስነጠሱ ነው።

እንዲህ ያለ ማስነጠስ በሕይወቴ አላስነጠስኩም። ጠዋቱን ሙሉ ያፈንኩት ነው። በላዩ ላይ ደግሞ «ድምፅ አለ ወይ? እዚያ ሰው የለም እንዴ?» ብዬ ጨመርኩበት።

ጄነሬተሩን ሰንጥቆ፣ ቆርቆሮውን አልፎ፣ ትንሽ ዘግይቶ የራሴ ድምፅ ከሜዳው ወደ እኔ ተመለሰ። በዚያው ቅጽበት ማዳመጫዬ ውስጥ ዓለም ሁሉ ተከፈተ፤ የቁራ ጩኸት፣ የሕፃን ልቅሶ፣ አፋቸውን በጋቢ ያፈኑ ሰዎች ሳቅ። ከዚያ ክድን። እንደገና ጭጭ።

ያኔ ገባኝ። ሳጥኑ አልሞተም። ታላቁ ወንድም ዝም ብሏል። እሱ እስኪመልስ ድረስ ሽማግሎቹ ዝም ብለዋል፤ እነሱ ዝም ስላሉ ሜዳው ሙሉ ሕዝብ ዝም ብሏል። በእነሱ ዘንድ የተጠየቀ ሰው አይቸኮልበትም፤ መልሱን ማንም አይጎትትለትም። የቀረችውን ትንሽ ሳልና ትንሽ ንፋስ ደግሞ ኢንጂነሩ ትናንት በኩራት ያበራው ጌት ውጭ ዘግቶባቸዋል። «ይማርህ» የሚለኝ እንኳ ጠፋ።

ኃላፊው መስመር ላይ ነው። «ጋሼ፣ ሙዚቃው?» ይላል።

በሩ ተከፈተ። ብርሃን እንደ ውኃ ገባብኝ። ዋናው ሽማግሌ ፈቀቅ ብለዋል፤ ሐጂ አጎንብሰው ቆመዋል፤ ከንፈራቸው ሳቅ ላለመልቀቅ ይታገላል።

«ይጠሩሃል» አሉኝ በሹክሹክታ። «መጠበቁን ያቋረጠ ሰው አብሮ ተቀምጦ ይጠብቃል። ደንብ ነው።»

«ሐጂ፣ ሥራ ላይ ነኝ። ድምፁስ?»

«ድምፁ አሁን ያንተ ጉዳይ አይደለም። ና ውጣ፣ ሰው እንዳያስቅብህ።»

ከመውጣቴ በፊት አንድ ነገር አደረግሁ፤ በዚያ ቀን ያደረግሁት ብቸኛ የተማረ ሰው ሥራ ነው። ጌቱን አጠፋሁት። የጄነሬተሩ ጉምጉምታ፣ ቁራው፣ ሳሉ፣ ንፋሱ ሁሉ ወደ ሰማይ ይሂድ አልኩ። ኃላፊውን «ይህ የሰው ዝምታ ነው፣ አልነካውም» ብዬው ስልኩን ኪሴ ከተትኩ። ጀግንነት አይምሰላችሁ፤ አሥር ጊዜ ይቅርታ እየጠየቅሁ ነው የዘጋሁት።

ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ። መሀረቤ አንገቴ ላይ ወርዷል፤ ሸሚዜ በርበሬ መስሏል፤ ካሜራው ወደ እኔ ሲዞር አየሁት። አገር ሙሉ አሁን እኔን እያየ ነው። ኪሴ ውስጥ ስልኩ ይንቀጠቀጣል፤ ያቆማል፣ ደግሞ ይንቀጠቀጣል። በእያንዳንዱ ንዝረት ዝውውሬ ትንሽ ትንሽ ሲሄድ ይሰማኛል። መነሣት አልችልም፤ መናገር አልችልም፤ እጄን ኪሴ መክተትም አልደፈርኩም። መጋዘኑ ውስጥ ሳለሁ ቢያንስ ማስነጠስ እችል ነበር። አሁን አፍንጫዬን ይዤ፣ ጣራ በሌለው እስር ቤት ውስጥ፣ እንባዬን እያፈሰስኩ ቁጭ አልኩ። ሰው በነገሩ ልቡ ተነክቶ የሚያለቅስ መስሎታል፤ ኋላ አንዳንድ እናቶች «እንዴት ያለ ሩኅሩኅ ሰው ነው» ብለው እንዳመሰገኑኝ ሐጂ ነግረውኛል።

ታላቁ ወንድም ከእኔ ፊት ለፊት ነበር። ቀጭን፣ ረዥም፣ እጁ በእንሰት ሥራ የጠቆረ። ታናሹን አያይም። የሚያየው ጉቶውን ነው፤ በጉቶው ላይ ወደ ሰማይ አፉን የከፈተውን ዲሼን። ቆየ። ከዚያ ዓይኑ ወደ እኔ ዞረ፤ ከእግሬ እስከ ራሴ፣ ከራሴ እስከ እግሬ አየኝ። ወደ ሽማግሎቹ ዞሮ በጉራግኛ አንድ ነገር ጠየቀ። ሐጂ በጆሮዬ ተረጎሙልኝ፦ ይህ ሰውዬ ማነው፣ ምን ሆኖ ነው የሚያለቅሰው ይላል። ዋናው ሽማግሌ መለሱለት። ድምፅ ለማውጣት የመጣ እንግዳ ነው፤ አንተ እስክትመልስ መሄድ አይችልም፤ ቤቱ ሩቅ ነው አሉት። ቤቴ ሩቅ መሆኑን ማን እንደነገራቸው አላውቅም። ሐጂ መሆን አለባቸው።

ታላቁ ወንድም ሣር ነቀለ፤ በጣቱ ጠቀለለው። ከዚያ ተናገረ። አስተርጓሚው በአማርኛ አወጣው፦

«እኔ በሰው ላይ በር አልዘጋም። ለመስቀል ይምጣ። ዝግባ ይተክላል፤ የት እንደሚተክል የምነግረው ግን እኔ ነኝ።»

ሜዳው እልል አለ። ምርቃቱ ወረደ፣ ሰው ሁሉ ተነሣ፣ ወንድማማቾቹን ወደ መሀል አመጧቸው። እኔ አልተነሣሁም። እግሬ ደንዝዞ ሌላ ሰው እግር ሆኖብኛል፤ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ሁለት ጊዜ በቂጤ ተመለስኩ። ካሜራው ይህንንም አላሳለፈም። በመጨረሻ ታላቁ ወንድም ራሱ እጁን ዘርግቶ አነሣኝና፣ በተሰባበረ አማርኛ «ሰሐኑን አንሣ አሁን» አለኝ።

ዲሹን ስፈታ ነው ኃላፊውን መልሼ የደወልኩት። እንደ ሞት ፍርድ ጠብቄው ነበር። እሱ ግን ይስቃል። የበላይ ኃላፊዎቹ ዝምታውን እንደወደዱት፣ አንደኛው «ይህ ዝምታ ብቻውን ትልቅ ልማታዊ መልእክት አለው» ማለታቸውን ነገረኝ። ቀጥሎም ለሌሎቹም ዞኖች እንዲህ ያለ ዝግጅት እንደታቀደ፣ ጉራጌ ውስጥ ያለው ሁሉ በእኔ እንዲሠራ ሐሳብ መቅረቡን አበሠረኝ።

«ዝውውሬስ?» አልኩ።

«ጋሼ፣ እንዴት ብዬ ነው አሁን የማነሣዎት? ቦታውን የሚያውቅ ሰው ከቦታው ማንሣት ከቢፒአሩ መርህ ጋር አይሄድም። እርስዎ እኮ የሕዝቡን ዝምታ ለይተው የሚያውቁ ባለሙያ ነዎት።»

ድምፁ ቢጠፋ ኖሮ አጥፍተሃል ተብዬ እዚያው እቀር ነበር። ሳይጠፋ ሲቀር ደግሞ ባለሙያ ነህ ተብዬ እዚያው ቀረሁ። ሦስተኛ መንገድ ካለ የነገረኝ የለም። ሐጂ የሆነውን ሲሰሙ ሳቁ፤ ቀጥለው ግን ሳቃቸውን አቁመው አንድ ትንሽ ከረጢት በርበሬ አሸክመው ሸኙኝ፤ የሥቃይህን ለቤትህ ውሰድ ብለው።

ለባለቤቴ በማግስቱ ደወልኩ። እኔ ሳልጀምር እሷ ጀመረች።

«አየሁህ።»

«እንዴት ነበርኩ?»

«ሣሩ ላይ ተመቻችተህ።»

ጉልበቴ እንዴት እንደነደደ፣ በርበሬው እንዴት እንዳስለቀሰኝ እያጋነንኩ ነገርኳት። እሷን ማሳቅ የቀረኝ አንድ ሙያ ነበር። አልሳቀችም።

«ሰው ሁሉ ሲነሣ አንተ ቁጭ ብለህ ቀረህ» አለች። «ጎረቤቶቹም አይተዋል።»

«እግሬ ደንዝዞ ነው እኮ።»

«እግርህማ ስንት ዓመቱ ነው ከደነዘዘ።»

ስለ ዝውውሩ የሆነውን ነገርኳት። ባለሙያ መባሌንም አልደበቅኩም፤ እንዲያውም ትንሽ ከፍ አድርጌ ነገርኳት መሰለኝ። አዳመጠችኝ። ከዚያ ተረጋግታ፣ ክረምቱ ገና ብርድ ስላለው ወፍራሙን ብርድ ልብስ በአውቶቡስ እንደምትልክልኝ ነገረችኝ። ሌላ የምፈልገው ነገር እንዳለም ጠየቀችኝ። ምንም አልኳት።

በሳምንቱ ቡታጅራ መናኸሪያ ወርጄ ጥቅሉን ተቀበልኩ። ከጠበቅኩት ይከብዳል። ክፍሌ ወስጄ ስፈታው ብርድ ልብሱ አለ፤ በብርድ ልብሱ ውስጥ ግን ለሠርግና ለለቅሶ ብቻ የምለብሰው ሙሉ ልብሴ ተጣጥፎ አለ፤ የመላጫ ዕቃዬ አለ፤ ከሥር ደግሞ አልጋችን አጠገብ የማስቀምጠው የቤት ነጠላ ጫማዬ። ተረከዙ ላይ በእኔ አረማመድ ያለቀው። አቧራው ተጠርጎለታል። አዲስ አበባ ቤት ውስጥ የቀረኝ ዕቃ ይኸው ነበር።

እግሬን አስገብቼ ሞከርኩት። ልክ ነው። ትንሽ ቆሜ አየሁትና፣ የሥራ ሰዓት ደርሶ ስለነበር እንደተጫማሁት ወደ ኮረብታው ወጣሁ።